ተረከዝ የማያስር ጫማ

ጆሮ ስጡኝ፣ ተረት ልስጣችሁ።

በኖርዌይ፣ ከበረዷማ ተራራ ሥር ባለች መንደር፣ ቶርዲስ የምትባል ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ስድሳ አልፏል። በሁለት ረጃጅም ጣውላ በበረዶ ላይ የምትንሸራተተው ቴሌማርክ በሚባለው የድሮ ስልት ነው፤ ተረከዟ ሳይታሰር፣ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ አንድ ጉልበቷን እንደ ሰጋጅ ዝቅ አድርጋ። በመንደሩ እንዲህ የሚወርድ ከእሷ ሌላ አልቀረም።

አንድ ቀን ጫማዋ፣ ጣቶቿ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ፣ ቋ! ብሎ ተሰነጠቀ። አንድ ነገር ብቻ ተመኘች፤ ሽቅብ ሲወጡ የሚቀል፣ ቁልቁል ሲወርዱ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ አዲስ ጫማ።

ወደ ጫማ ሠሪው ሄደች። «ኦድቫር፣ ጫማ ሥራልኝ።»

«አልሠራም» አለ ኦድቫር። «ጫማን ከጣውላው ጋር የሚያያይዘው የድሮው ማሰሪያ ከሥር በሦስት ሹል ይይዛል። መጪው ግን ከግራ ከቀኝ ቆንጥጦ ነው የሚይዘው ይላሉ። ማሰሪያውን ሳላይ የሶሉን አፍንጫ በምን ልክ ልቁረጠው?»

ወደ ማሰሪያ ሠሪዋ ሄደች። «ግሮ፣ ማሰሪያ ሥሪ! ኦድቫር ጫማ አልሠራም አለ፣ እኔም ጫማ የለኝም።»

«አልሠራም» አለች ግሮ። «ንድፉስ አልቋል፣ ያውልሽ ግድግዳው ላይ። ግን ለአንድ ሰው ብዬ ብረት አላጣምምም። ባለሱቁ ይዘዘኝ።»

ወደ ባለሱቁ ሄደች። «ስተይናር፣ ማሰሪያ እዘዝ! ግሮ ማሰሪያ አልሠራም አለች፣ ኦድቫር ጫማ አልሠራም አለ፣ እኔም ጫማ የለኝም።»

ስተይናር ከት ብሎ ሳቀ። «አላዝም! ማን ሊገዛው? እስቲ ወጣቶቹ መጥተው ይጠይቁኝ።»

ወጣቶቹ ተረከዛቸውን ጥርቅም አድርገው አስረው ቁልቁለቱን ሲወርዱ አገኘቻቸው። «ልጆች፣ ጠይቁልኝ! ስተይናር አላዝም አለ፣ ግሮ ማሰሪያ አልሠራም አለች፣ ኦድቫር ጫማ አልሠራም አለ፣ እኔም ጫማ የለኝም።»

«አንጠይቅም» አለች ኢዱን፣ ከሁሉም ፈጣኗ። «ከቅርብ አይተነው የማናውቀውን ምን ብለን እንጠይቅ? መጀመሪያ ወርደው ያሳዩን።»

«በምን ጫማ?» አለች ቶርዲስ።

ለማሳየት ጫማ፣ ለጫማ ማሰሪያ፣ ለማሰሪያ ትእዛዝ፣ ለትእዛዝ ጠያቂ፣ ለጠያቂ ማሳየት! ዞሮ ዞሮ እሷው ላይ። በረዶው ላይ ዘፍ ብላ ልታለቅስ ቃጣት፤ ሳቅ ቀደማት።

ተነሥታ የተሰነጠቀውን ጫማ በጠፍር ጠፍንጋ አሰረችና ተራራው አናት ላይ ወጣች። ቁልቁል አየች። በዚህ ዕድሜ ቁርጭምጭሚት ከተሰበረ ማን ይጠግነዋል? ቢሆንም ወረደች። ግራ ጉልበት ዝቅ፣ ተረከዝ ብድግ፤ ቀኝ ጉልበት ዝቅ፣ ተረከዝ ብድግ። እመንገድ ላይ ጠፍሩ ተበጠሰ፤ በረዶው ካልሲዋ ውስጥ ገባ። ጥርሷን ነክሳ ሦስት ጊዜ ታጠፈችና ኢዱን እግር ሥር ደርሳ ቆመች።

ወጣቶቹ ከበቧት።

«እኔም!» አለች ኢዱን። «እኔም! እኔም!» አሉ ሌሎቹ።

ይኼኔ ወጣቶቹ ስተይናርን ጠየቁ፣ ስተይናር ግሮን አዘዘ፣ ግሮ ብረት አጣመመች፣ ኦድቫር ሶል ቆረጠ፣ ቶርዲስም ጫማ አገኘች። እንደ ላባ ቀላል፣ እንደ ጥሩ ወዳጅ ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ።

በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ እንደ እሷ የተጫማ ዐሥራ አንድ ወጣት በአፍጢሙ ተደፍቶ ነበር። ቶርዲስ ከላይ ሆና፣ «ጉልበት ዝቅ! ጉልበት!» እያለች ስትጮህ ድምፅዋ እመንደር ድረስ ይሰማ ነበር።

የእኔ ተረት እዚህ ቆመ፤ የእናንተም እግር አይብረደው።