የማይነገረው ቅጠል

አንድ መድኃኒት አዋቂ ነበረ።

ቁጭ በዪ እንጂ ምንትዋብ፤ ቆሞ ወግ የሚሰማ ሰው አይቼ አላውቅም። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ጥናቴን ቤተ መጻሕፍቱ ለሁሉም ሰው ይክፈተው ወይስ ለጥቂት ዓመት ይቆልፍልኝ?» ነው ያልሽው። ገበሬዎቹ ከማሽላቸው ጋር አሰባጥረው የሚዘሩት ያ ተክል መሬቱን እንደሚያድስ፣ የሰውንም ቁስል እንደሚያደርቅ ደርሰሽበታል። ስንት አገር በእግርሽ ዞረሽ፣ ስንት ሰው ቤት ውሃ ለምነሽ ጠጥተሽ እንዳገኘሽው አውቃለሁ። እዚህ መደርደሪያ ሥር አንገትሽን ደፍተሽ ስታነቢ እያየሁሽ ነው የከረምኩት። አሁን ደግሞ አንዱ ብልጥ መጥቶ በስሙ እንዳያሳትመው ፈርተሻል። መፍራትሽ አይገርመኝም። እኔ ግን መጽሐፍ ጠባቂ እንጂ ዳኛ አይደለሁም፤ ቆልፊ ወይም ክፈቺ ከምልሽ ይልቅ የዚህን ሰውዬ ነገር ላውጋሽ።

እንግዲህ ይህ መድኃኒት አዋቂ ደግ ሰው ነበር። ክፉ ነበር ብዬ ብጀምርልሽ ነገሩ በቀለለኝ። ለታመመ ሰው ሲጠራ «ዛሬስ ደክሞኛል» አይልም። ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን ጋቢውን ተከናንቦ ይሄዳል። እጅ መንሻ ካመጡለት ይቀበላል፤ ካላመጡለት አይጠይቅም። በዚያ አገር ልጆችን የሚይዝ አንድ በሽታ ነበር፤ በትኩሳት ይጀምርና ጉሮሯቸውን ይዘጋል። ለዚህ በሽታ የሚሆነውን ቅጠል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ከአባቱ ተማረው፤ አባቱም ከአባቱ። የቅጠሉን ስም እንዳትጠይቂኝ፤ የሕክምና ትምህርት ቤት ወዳጆችሽ ይስቁብኛል።

ሥርዓቱን ግን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ገጠር ዞረሽ የለ። ቅጠሉ የሚቆረጠው ጀምበር ሳትወጣ ነው። ቆራጩ በመንገድ ሰው ሰላም ካለው ይመለሳል፤ የዚያን ቀን አይሆንለትም። ቆርጦ ሲመለስም የማይረባውን ቅጠል ሁሉ ይደባልቅበታል፣ ያየው ሰው የትኛው እንደሆነ እንዳይለይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሰው አይነገርም። መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል፣ ኃይሉ ይሄዳል ይላሉ። አባት ለአንድ ልጁ፣ ያውም ሊሞት ሲል፣ በጆሮው ይነግረዋል፤ በዚያው ያበቃል። ሰውየውም ለአባቱ በዚህ ምሎለታል።

ጎረቤቱ አንድ ገበሬ ነበር። መሬቱን እንደ ሰው የሚያዝንለት ገበሬ ነው። አንድ ዓመት ጤፍ ከዘራበት በሚቀጥለው ባቄላ ይዘራበታል፤ የደከመውን ማሳ ያሳርፈዋል። እርሻውንም እስከ ጫፍ ድረስ አያርስም፤ «ንቡም ይብላ፣ አፈሩንም ይያዝልኝ» እያለ ድንበሩ ላይ ያለውን ቁጥቋጦ ይተዋል። ያቺ ቅጠል የምትበቅለው እዚያ ድንበር ላይ ነው። አንድ ቀን ገበሬው ሲያርም መድኃኒት አዋቂው ሲያልፍ አየውና ጠራው።

«አባባ፣ አንቱ ቅጠል ያውቃሉ» አለው። «ይቺ ሻካራዋ ምንድን ናት? ፍየል እንኳ አይቀምሳትም። ትጠቅማለች ካሉኝ ልተዋት፤ እኔን አላስቸገረችኝም።»

መድኃኒት አዋቂው ድንግጥ አለ። «ተዋት» ቢለው፣ ለምን ይላል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ተከትሎ ያያል። ዝም ቢለው ይጠረጥራል። ስለዚህ «ክፉ አረም ናት» አለው። «መሬት ትጎዳለች። ንቀላት።»

ምን ቸገረው፣ በየድንበሩ ሞልታለች፤ አንድ ገበሬ ነቅሎ አይጨርሳት። እንዲህ ብሎ አሰበ። ግን ቅጠል አዋቂ «ክፉ ናት» ያላትን ቅጠል ማን በደጁ ያኖራታል? ገበሬው በቅንነት ለጎረቤቶቹ ነገራቸው። እነሱም ለዘመዶቻቸው ነገሩ። ሰዉ ለመሬቱ የሚሳሳ ነውና ባየበት ሁሉ እየነቀለ አቃጠላት። መድኃኒት አዋቂው ይህን ያያል፤ ግን ምን ብሎ ያስቁማቸው? ትናንት ንቀሉ ያለውን ዛሬ ተዉ ቢል ነገሩ ይገለጣል። ገደሉ አፋፍ ላይ ትቀራለች፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ትቀራለች እያለ ራሱን አጽናና።

ይህ ሰው በስተርጅና ያገኛት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ሲወጣ እስከ አጥሩ በር ትሸኘዋለች። ሲመለስ ቆሎ አምጥቶላት እንደሆነ ኪሱን ትፈትሻለች፤ ባዶ ከሆነ ታኮርፈዋለች፣ እሱም ያባብላታል። ዓለሙ እሷ ናት ብልሽ ይቀለኛል። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ ልጅቷ አንድ ቀን ገላዋ አተኮሰ። በማግስቱ መዋጥ አቃታት።

አባትየው እንደ ልማዱ ጎሕ ሲቀድ ወጣ። የእርሻው ድንበር ተመንጥሯል። አፋፉ ላይ ወጣ፤ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎች «ክፉ አረም» ብለው ነቅለዋታል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወረደ፤ ለንግሥ ሲያጸዱ ጠርገዋታል። ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። ሚስቱ እጁን አየችና ልጅቷን ይበልጥ አቀፈቻት።

ዕለቱ ሰንበት ነበር። ገበሬው ልጅ ታማለች ሲሉት ጊዜ ቅዳሴውን ትቶ ሊጠይቅ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ምን ላግዝዎ?» አለ። ሰውየው ዝም። «የሚፈለግ ነገር ካለ የትም ሄጄ አመጣለሁ» አለ ገበሬው።

«ንገረው እንጂ» አለች ሚስቱ። እሷም ቅጠሉ የትኛው እንደሆነ አታውቅም፤ ባሏ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ብቻ ታውቃለች። «ለአባትህ እንደማልክላቸው አውቃለሁ። አባትህ ግን ይቺን ልጅ አላዩዋትም። የምናያት እኔና አንተ ነን።»

ያን ጊዜ አፉን ከፈተ። «ክፉ አረም ናት ያልኩህ፣ መድኃኒቷ እሷ ናት» አለው።

ገበሬው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። በገዛ እጁ ስንቷን እንደነቀለ ያውቃል። ቢቆጣ ማን ይፈርድበታል? አልተቆጣም። «ሰዉ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም» አለ። «ይምጡና ለሁሉም ይንገሯቸው። አንዱ ሳይነቅላት የቀረበት ጓሮ አይጠፋም።»

ሄዱ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ደጁን ሞልቶታል። መድኃኒት አዋቂው ድንጋይ ላይ ወጣና ዕድሜውን ሙሉ በዝምታ ሲቆርጣት የኖረውን ቅጠል ጮክ ብሎ ነገራቸው። ሻካራ ናት አለ፤ ግንዷ ቀላ ይላል፣ ስትታሸት መራራ ትሸታለች። በተናገረ ቁጥር ኃይሏ ከአፉ እየወጣ የሚበን ይመስለዋል። ቢሆንም ተናግሮ ጨረሰ።

ከኋላ አንዲት ሴት ሰዉን እየገፋች መጣች። ከወንዙ ማዶ የምትኖር ጠላ ጠማቂ ናት፤ የክፉ አረሙ ወሬ ወንዙን አልተሻገረም ነበር። «እሷማ ከቤቴ ኋላ ሞልታለች» አለች። «ጋን የማጥብባት እኮ ናት።»

ይህቺን ሴት ያውቃታል። ባለፈው ክረምት ልጇ በዚሁ በሽታ ተይዞ፣ ማዶ ሆነው ተጣርተውለት ነበር። ቅጠሉን ቆርጦ፣ ማሳሳቻውን ደባልቆ እየሮጠ ወንዙ ዳር ደረሰ። ወንዙ ሞልቷል፤ አላሻግር አለው። ውሃው ሰው አያሳልፍ እንጂ ድምፅ ያሳልፍ ነበር፤ እነሱ ሲጣሩ እሱ ሰምቷቸው የለ? የያዘውን ከፍ አድርጎ «ይቺን ቅጠል ፈልጉ» ቢላቸው ይሰሙት ነበር። አላለም። መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል ብሎ፣ ውሃው እስኪጎድል ወዲህ ማዶ ተቀምጦ ሲያለቅስ ዋለ። ልቅሶው የእውነት ነበር፤ አዝኖ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ተሻገረ፤ የደረሰው ለቀብር ነው።

ሴትዮዋ ቆማ ፊቱን አየችው። ነገሩ ገባት።

«ያን ዕለት የያዙት እሷን ነበር?»

«እሷን ነበር» አላት።

ፊቷን አዙራ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደች። ሰውየው እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አትመለስም አለ በልቡ፤ ባትመለስም እሷ ላይ አልፈርድም።

ተመለሰች። ነጠላዋን ቅጠል ሞልታ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ መጣች። ሰውየው ቤት ገብታ እጇን ታጠበችና «ምን ያህል ነው? በምን ይዘፈዘፋል?» ብላ ጠየቀችው። አንድ ሳያስቀር ነገራት፤ ገበሬው እየሰማ፣ ሚስቱ እየሰማች፣ በሩ ላይ የተኮለኮለው ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። እሷም አሽታ፣ ጨምቃ፣ የልጅቷን ራስ ክንዷ ላይ አስደግፋ ጠብ ጠብ አደረገችላት። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ትንሽ ብቻ» እያለች አባበለቻት። ለራሷ ልጅ ልታደርግ የነበረውን ሁሉ አደረገችላት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቷ ዋጠች። ቆይታ ደግሞ «ውሃ» አለች።

ይህን ጊዜ ሴትዮዋ ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ስለ ልጇ ነው ያለቀሰችው፤ እንደ አዲስ። ሰውየውም ወጥቶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ይቅር በዪኝ ሊል ፈልጎ አፉ አልታዘዝ አለው። እሷም ይቅር ብያለሁ አላለችውም። እንባው ጺሙን ሲያርሰው ስታይ ግን የነጠላዋን ጫፍ ሰጠችው፣ ፊቱን እንዲጠርግበት።

ወጉ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። አንቺ ደግሞ አታልቅሺ፤ መልሱን ገና አልነገርኩሽም።

እኔ ዘንድ ማን ማን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ባለ ክራቫት መምህራን ብቻ እንዳይመስሉሽ። የልማት ሠራተኛዋ ጫማዋን ጭቃ እንደነካው ትመጣለች፤ ገበሬዎቿ መሬታችን ደከመ ብለዋታል። ከጤና ጣቢያም ነርሱ ይመጣል፤ ቁስሉ አልደርቅ ያለው ሰው አስጨንቆታል። «ስለዚህ ነገር የተጻፈ ይኖራል?» ይሉኛል። የአንቺን ከቆለፍኩት «አለ፣ ግን አይታይም» ልላቸው ነው። ያን ጊዜ አንቺና እኔ ያ ሰውዬ ነን፤ ቅጠሉን ይዘን ወንዙ ዳር የቆምን ደግ ሰዎች። ብናለቅስላቸው ምን ይጠቅማቸዋል?

ሌባውን በተመለከተ፣ ሌባ የለም አልልሽም። ስምሽን ነጥቆ ቢያሳትመው ይቆረቁርሻል፤ እኔም እናደዳለሁ፣ ደጄ ከመጣ በዚህ ከዘራዬ ነው የምሸኘው። ቢሆንም የተደበቀ ሥራ ነው ለሌባ የሚመቸው። የተከፈተው ከነስምሽ፣ ከገባበት ቀን ጋር እዚህ ተቀምጦ ይመሰክርልሻል። ደግሞስ ገበሬዎቹ ላንቺ ሲነግሩሽ ቆልፈውብሻል እንዴ? ልጃችን ብለው፣ አስቀምጠው፣ አጉርሰው ነገሩሽ።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ የዚያች እናት ልጅ ሲሞት መድኃኒቱ ከቤቷ ኋላ ነበረ። በየሳምንቱ በእጇ ታሸው ነበር። የጎደላት ሌላ ሰው አፉ ውስጥ የያዘው አንድ ቃል ነው። ዛሬ ቃሉ ያለው አንቺ ዘንድ ነው፤ ማዶም ሆነው እየተጣሩ ነው።