አጥር የሌለው ተራራ

አንዲት ሴት ነበረች። ኔስታ ትባላለች። አገሯ ዌልስ ነው፤ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለ፣ ዝናቡ የማያባራ፣ ተራራ የበዛበት አገር። እሷና ባሏ ኢድዋል ከአንድ ተራራ ሥር በግ ያረባሉ። ማይር የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አለቻቸው።

ያ ተራራ የጋራ ግጦሽ ነው። የአምስት ቤት በጎች ይወጡበታል፤ አጥር ግን የለውም። ታዲያ በጎቹ አይቀላቀሉም? አይቀላቀሉም! የየቤቱ በግ የራሱን ቦታ ያውቃል። ማን አስተማረው? እናቱ። ግልገሏ ገና እየጠባች ከእናቷ ኋላ ኋላ ትላለች። ሣሩ የት እንዳለ፣ ውሃው የት እንደሆነ፣ ነፋሱ ሲከፋ የትኛው ቋጥኝ ሥር እንደሚገባ ታያለች። ስትወልድ ደግሞ ለራሷ ግልገል ታሳያለች። በእነ ኔስታ ቤት ይህ ነገር ከኢድዋል ቅድመ አያት ጀምሮ ተቋርጦ አያውቅም።

አንድ ዓመት ግን የከብት በሽታ ገባ። በሽታው በታየበት ሸለቆ ያለ እንስሳ ሁሉ እንዳይዛመት ይገደል ተባለ። የእነሱ በጎች አልታመሙም። ቢሆንም አልቀረላቸውም። ሦስት መቶ አርባ በግ በአንድ ቀን አለቀ። ኢድዋል ከሰዓት በኋላ ደጅ ወጥቶ ወደ ተራራው ቀና አለ። ምንም የለም። አንድ የሚጮህ ግልገል እንኳ የለም።

ወገኖቼ፣ ያን ዝምታ የምታውቁት አላችሁ። ትናንት የሞላ ቤት ዛሬ ባዶ ሲሆን የሚሰማው ዝምታ ነው።

ዓመት ቆይቶ በግ ማርባት ተፈቀደ። ከሜዳው አገር ሁለት መቶ እናት በጎች አመጡ፤ ወደ ተራራው አወጧቸው። በማግስቱ ግማሾቹ መኪና መንገድ ላይ ቆመው ተገኙ። የቀሩት የጎረቤት ማሳ ውስጥ ናቸው። ምን ያድርጉ? ተራራ አይተው አያውቁም!

ጉዊሊም የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ሊመክሯት መጡ።

«ኔስታ ልጄ፣ ይቅርብሽ። እነዚህ በጎች ተራራውን አያውቁትም።»

«ይለምዱታል፣ አባባ።»

«ማን ያለማምዳቸዋል? የሚያስተምሩት እናቶች አልቀዋል እኮ!»

ኔስታም «እንግዲያው እኔ አስተምራቸዋለሁ» አለች።

ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺ በግ ነሽ እንዴ?»

«እስኪማሩ ድረስ እሆናለሁ።»

ሰማችሁ? እስኪማሩ ድረስ እሆናለሁ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ በተራ ተራራ መውጣት ጀመሩ። ጠዋት ይወጣሉ፣ የተበተነውን ይሰበስባሉ፣ ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ነፋስ በተነሳ ቁጥር በጎቹን እየነዱ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ያለ ጎድጓዳ ስፍራ ያስገቧቸዋል። ነገ ደግሞ ያው። በረዶው ቀልጦ በጎቹ ሲወልዱ ወጡ። በሸለታው ወር ጸጉራቸውን ሸልተው እንደገና አወጧቸው። ቅጠል ሲረግፍ፣ ዝናቡ አጥንት ድረስ ሲገባ፣ ያኔም ወጡ። በጎቹስ? በጎቹ ይወርዳሉ! አንድ እሑድ የሰፈሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አሥራ ሁለት በግ በሩ ላይ የተተከለውን አበባ በልቶ ጨርሷል። ኔስታ አበባውን የተከሉትን ሴቶች ቤት ለቤት ዞራ ይቅርታ ጠየቀች። ከኋላዋ የሚስቁም ነበሩ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ኢድዋል ቁርሱን ሳይነካ ተቀመጠ።

«ኔስታ፣ ደከመኝ። ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ከተማ እንግባ።»

ኔስታ አልተቆጣችውም። እሷም ደክሟታል። ማይር ግን ቦት ጫማዋን እያጠለቀች «እማ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው» ብላ ወጣች። በሩ ተዘጋ። አባትየው በመስኮት አያት፤ በዝናቡ ውስጥ አቀበቱን ተያይዛዋለች። ጥቂት ቆየና ዱላውን አንሥቶ ተከተላት።

ሦስተኛው ዓመት መጣ፤ እዚያው የተወለዱት ተጨምረው በጎቹ ሁለት መቶ ሃምሳ ሆነዋል። በብርዱ ወር አንድ ጠዋት ሰማዩ ጠቆረ፤ ማንም ሳያስበው የበረዶ ውሽንፍር ወረደ። በጎቹ ተራራው ላይ ናቸው። ሦስቱ ለመውጣት ሞከሩ፤ መቶ እርምጃ ሳይሄዱ በረዶው ወገባቸው ደረሰ፤ ተመለሱ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ተዘጋባቸው። ኔስታ ከመስኮቱ አልተነቀለችም። ሦስት ዓመት የደከመችበት ሁሉ እዚያ ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ እዚህ ታች ናት። ምን ልታደርግ ትችላለች? መጸለይ ብቻ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ሽማግሌው ጉዊሊምም አካፋ ይዘው መጡ፤ አራት ሆነው ወጡ። በጎቹ ዘወትር የሚውሉበት ሜዳ ላይ ሲደርሱ አንድ በግ የለም። ነጭ በነጭ ነው። ኢድዋል ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለቅሶ ላይ እንደቆመ ሰው።

ያኔ ማይር ከወደ ቋጥኙ ጮኸች። «እማ! እማ፣ ነይ! ሁላችሁም ኑ!»

ሮጡ። ከቋጥኙ ጀርባ፣ ጎድጓዳው ውስጥ፣ በጎቹ ተጠጋግተው ቆመዋል! ጀርባቸው በረዶ ለብሷል፤ ትንፋሻቸው ይጨሳል። ቆጠሯቸው። ሦስት ብቻ ጎደሉ። ከሁለት መቶ ሃምሳው ሦስት ብቻ!

ሽማግሌው ከፊት ያሉትን በጎች ጠጋ ብለው አዩ። «እነዚህ ከሜዳው አገር ያመጣችኋቸው አይደሉም። እዚሁ የተወለዱት ቄቦች ናቸው። ትልልቆቹን እየመሩ ያስገቧቸው እነሱ ናቸው!» አሉ። ከዚያ ወደ ኔስታ ዞሩ። «አንቺ እኮ ቤት ነበርሽ።»

«አዎ፣ አባባ። ቤት ነበርኩ» አለች፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። ኢድዋል ባርኔጣውን ወደ ላይ ወርውሮ «አወቁት! አወቁት!» እያለ ሲጮህ ድምፁ ሸለቆው ውስጥ አስተጋባ።

እናንተ ወላጆች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ልጆቻችሁ ያሉበት ዓለም አጥር አለው? የለውም። ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ከተማ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣባቸው እናንተ አጠገባቸው ላትኖሩ ትችላላችሁ። «እኛን ማን አስተማረን? አባቶቻችን አልቀዋል» የምትሉም አላችሁ። አውቃለሁ። እንግዲያው አሁን ተራው የማን ነው?

በቤታችሁ ጸሎት ጀምራችሁ በሁለተኛው ሳምንት የተዋችሁ አላችሁ። ልጁ አቋርጦ ሲወጣ «ይኼ አይሰማም» አላችሁ። ስንት ጊዜ መለሳችሁት? ሁለት ጊዜ? ሦስት ጊዜ? ሴትዮዋ ሦስት ዓመት መለሰች! ደግሞስ የድሏ ቀን የቱ ነበር? በሩ ተዘግቶባት፣ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችበት ቀን! ያስተማረችው ያለ እሷ ሠራ። የለፋችበት ያለ እሷ ቆመ። እግዚአብሔር እሷ መድረስ ያልቻለችበት ቦታ ደርሶ ነበር።

ልጇ ርቆባት እዚህ ያለቀሰች እናት አለች። ቀና በይ! በልጅነቱ ያስያዝሽው ቃል ጠፍቷል ያለሽ ማን ነው? የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣ ያገኘዋል።

ስለዚህ ዛሬ ለምሳ ስትቀርቡ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡት። ጸሎቱን እናንተ ጀምሩ፣ እሱ ይጨርሰው። ቢሳሳት አትቆጡት፤ ቢስቅም አትቆጡት። ነገም አድርጉት፣ ከነገ ወዲያም አድርጉት። አደርገዋለሁ የምትሉ እስኪ ተነሡ! ተነሡና አሜን በሉ!