ከወገብ ያልወረደ ገመድ

አንድ አናጺ ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ፍሬሰላም፤ አብረን የምንጽፈው ኮድ አንድ ማዕከላዊ ቦታ ተቀምጦ ተራ በተራ ይነካ፣ ወይስ እያንዳንዱ ሰው ሙሉውን ቅጂ በየኮምፒውተሩ ይያዝ፣ የትኛው መሣሪያ ይሻላል ነው ያልሽኝ። መልሱ አናጺው ዘንድ ስላለ መጀመሪያ እሱን ስሚ።

ይህ አናጺ ከሌሎች ዘጠኝ ሠራተኞች ጋር የአንድ ባለጸጋ ቤት ይሠራ ነበር። ክረምት ሳይገባ ጣሪያው መውጣት አለበት። የቤቱ ልክ የተያዘው በአንድ ገመድ ነው፤ ለግድግዳው ስፋት አንድ ቋጠሮ፣ ለበሩ አንድ ቋጠሮ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ገመዱ ዋናው ግንበኛ ዘንድ ይሰቀላል፤ የፈለገ ይወስዳል፣ የቀረው ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ታዲያ አንዱ ሠራተኛ ገመዱን ወገቡ ላይ እንዳሰረ ለቅሶ ሄደና ሦስት ቀን ቆየ። ዘጠኝ ጎልማሳ ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ ከረመ።

ግንበኛው ተናደደና ለሁሉም እንደ ዋናው የተቋጠረ ገመድ አደለ። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ቀረ፤ የአንዱ ቢጠፋ እንኳ ልኩ በዘጠኙ ዘንድ አለ። አንድ ሥርዓት ብቻ ተጨመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም ገመዱን አምጥቶ ጎን ለጎን ይዘረጋል፤ ቋጠሮ ያዛወረ ሰው ምክንያቱን ይናገራል፤ ከተስማሙበት ሁሉም ያዛውራል።

አናጺው እንጨት የሚቆርጠው ከቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ጫካ ውስጥ ነበር። አንድ ሐሙስ ለጣሪያው አግዳሚ የመረጠው ዛፍ በስንዝር አጠረበት። ስንዝር ምን አላት ብሎ የግድግዳውን ቋጠሮ ሳብ አደረገና አራት እንጨት ቆረጠ። ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ አለ። ቅዳሜ ዘነበና ቀረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጨቶቹ አሥራ ስድስት ደርሰው ነበርና አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ ሥራ ያበዛል፤ ይቆርጥ ነበር ዝም ብሎ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ መንገደኛ አገኘውና ባለጸጋው ሐሳቡን ለውጦ ግድግዳው በክንድ እንዲሰፋ ማዘዙን፣ ሠራተኞቹም ባለፈው ቅዳሜ መስማማታቸውን አወራለት። አናጺው ክው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደመና ባየ ቁጥር ይደነግጣል፤ ጣሪያ የሌለው ቤት፣ የተቆጣ ባለጸጋ፣ ከሥራ የተባረረ አናጺ ይታየዋል። ይባስ ብሎ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ለመሆኑ ገመድ አንድ ሲሆን ይሻላል ወይስ ብዙ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ሰው የመሰለውን ይመልስለታል፤ እሱ ግን መልሱን ሳያስጨርስ ወደ መጥረቢያው ይመለሳል።

አርባኛው እንጨት የወደቀው ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜን ሳይጠብቅ መጥረቢያውን እዚያው ትቶ ግማሽ ቀን ተጓዘና፣ ሰው ሁሉ እያየው ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ ከግንበኛው ገመድ ጎን ዘረጋው። ክንድ ከስንዝር አጠረ።

ግንበኛው ሁለቱን ገመዶች አስተያየና መቼ እንደቀነሰው፣ ስንት እንጨት እንደቆረጠ ጠይቆ ተረዳ። «በመጀመሪያው ቅዳሜ መጥተህ ቢሆን የሚበላሸው አራት እንጨት ነበር» አለው። ከዚያ ስንዝሯን ለምን እንደቀነሰ ጠየቀው። አናጺው ዛፉ አጭር መሆኑን ሲናገር፣ ከሠራተኞቹ አንዱ ረጃጅም ዛፍ ያለበት ሸለቆ አውቃለሁ አለ። ለካስ ድሮም ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም እንጂ። አርባው እንጨት የከብት ጋጣ ሆኖ ቀረ። ጣሪያው የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ እያካፋ፣ በስንት መከራ ወጣ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። መሣሪያውን ከሆነ የጠየቅሽኝ፣ ሁሉም ሙሉ ቅጂ የሚይዝበት ይሻላል፤ አንድ ሰው ለቅሶ ስለሄደ ዘጠኝ ሰው ሥራ አይፈታም። ግን ያው መሣሪያ ጫካ ገብተሽ ለብቻሽ ስትቆርጪ እንድትከርሚም ይፈቅድልሻል፤ ቅዳሜን እሱ አያመጣልሽም። ባለፈው ሳምንትም ይህንኑ ጠይቀሽኝ ነበር። ለመሆኑ ኮድሽን ከሌሎቹ ጋር ካዋሐድሽ ስንት ቀንሽ ነው?

ፍሬሰላም አንገቷን ደፍታ «ሃያ ሁለት» አለችኝ።

እንግዲያው አናጺው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ገመዱ ወገብሽ ላይ ነው። ጓደኞችሽ ግድግዳውን ምን ያህል እንዳሰፉት አታውቂም፤ እነሱም ዛፉ እንዳጠረብሽ አያውቁም። ኮምፒውተርሽን ክፈቺና እዚሁ፣ እኔ አጠገብሽ እያለሁ አዋሕጂው። ቅዳሜ ሩቅ ነው።