አማቱን በወረቀት የገደለው ዘበኛ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ሥራ የበዛበት ይለፍ፤ እኔ ወሬዬን ልጀምር።

አጥናፉ የሚባል የዱቄት ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ይህ ሰው አማቱን ገደለ። በዱላ እንዳይመስላችሁ፤ በወረቀት ነው። ጓደኛው ሲያገባ ሚዜ መሆን አማረው፤ ለሚዜነት ደግሞ ፋብሪካው ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ “አማቴ ወይዘሮ ደብሪቱ ስላረፉብኝ የሐዘን ፈቃድ ይሰጠኝ” ብሎ አስጻፈና ሄዶ ሦስት ቀን እስክስታ ወረደ፤ ትከሻው ሊገነጠል ምንም አልቀረው። ወረቀቱም የእሱ ነገር ሁሉ በሚቀመጥበት ማኅደር ገብቶ ተኛ።

ታዲያ አንድ ቀን ወይዘሮ ደብሪቱ ከገጠር መጥተው ልጃቸው ቤት ቁጭ አይሉም! “አማቼ የሚጠብቀውን ፋብሪካ ሳላይማ አልሞትም” አሉ። የአጥናፉ ፊት በርበሬ መሰለ። ሴትዮዋ በሩን ከረገጡ ሥራውም ስሙም አለቀለት። ያቺን ወረቀት ቀድሞ ማውጣት ነው እንጂ ሌላ ምን ይመኛል?

መዝገብ ቤት ገባ። “ማኅደር ሆይ፣ ወረቀቴን ትፋልኝ!”

“ቁምሳጥኑ ውጦኛል፤ አልተፋም” አለ ማኅደሩ።

“ቁምሳጥን ሆይ፣ ማኅደሩን ልቀቅልኝ!”

“አረጋሽ ቆልፋብኛለች፤ አልለቅም።”

አረጋሽ የመዝገብ ቤቷ ሹም ናት፤ ቁልፏን አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትተኛው።

“አረጋሽዬ፣ እህቴ፣ ክፈቺልኝ። ቁምሳጥኑ አልለቅም አለ፤ ማኅደሩ አልተፋም አለ። በስሕተት የገባች አንዲት ወረቀት ናት።”

“አቶ ቸኮል ሳይፈርሙ የወለደኝ አባቴ ቢመጣም አልከፍት! ይልቅ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከአማትህ ሐዘን ተጽናናህ?”

አጥናፉ ጋቢውን ሰብስቦ ሹልክ ብሎ ወጣ።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደ። “ጌታዬ፣ ይፈርሙልኝ። አረጋሽ አልከፍትም አለች፤ ቁምሳጥኑ አልለቅም አለ፤ ማኅደሩ አልተፋም አለ።”

አቶ ቸኮል ቀኝ እጃቸውን አሳዩት። የዱቄት ጆንያ አደናቅፎ ጥሏቸው አንጓቸው ወልቋል፤ እጃቸው ዱባ አክሏል። “በዚህ ልፈርም? እንኳን ብዕር ልይዝ ዝንብ አላባረርኩበትም! አንተ ሰፈር ከገጠር የመጡ ወጌሻ አሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። እሳቸውን ጥራልኝ፤ ያኔ እፈርምልሃለሁ።”

ወጌሻዋ ማን መሰሏችሁ? ሟቿ!

ቤቱ ገብቶ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ። “እማማ፣ አቶ ቸኮልን ይሹልኝ። እሳቸው አልፈርምም አሉ፤ አረጋሽ አልከፍትም አለች፤ ቁምሳጥኑ አልለቅም አለ፤ ማኅደሩ አልተፋም አለ።”

“ምኑን ነው የማይተፋው?”

በአማቱ ፊት ቀና ብሎ ጎርሶ የማያውቅ ሰው ምን ይበል? ጋቢው ውስጥ ገብቶ ቢጠፋ በወደደ። “እርስዎን… ሞቱ ብዬ… ሠርግ ሄጄ…”

“ጨፈርክ?”

“ጨፈርኩ።”

“እኔ ሞቼ?”

“እርስዎ ሞተው።”

“ሬሳ አያሽም” አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። “መጀመሪያ እዚያው በገደልክበት ቦታ፣ ሁሉም እየሰማ አስነሣኝ።”

እሱ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሄዱ። አጥናፉ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት፣ “አማቴ እኚህ ናቸው፤ አልሞቱም፤ ዋሽቼ ነው” አለ። አረጋሽ አማተበች። አቶ ቸኮል፣ “አንተ ቀጣፊ! ዛሬውኑ ነው የማባርርህ!” ብለው ሲነሡ ወይዘሮ ደብሪቱ ያበጠውን እጅ ጨበጥ አደረጉት።

“ጌታው፣ የሞትኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ምሬዋለሁ። እርስዎስ?”

“ኧረ እጄን!”

“እርስዎስ?”

“ምሬዋለሁ! ምሬዋለሁ!”

ቋ! ወጌሻዋ እጁን መለሱ፤ እጁ ፈረመ፤ ፊርማው አረጋሽን አስነሣ፤ አረጋሽ ቁምሳጥኑን ከፈተች፤ ቁምሳጥኑ ማኅደሩን ለቀቀ፤ ማኅደሩ ወረቀቱን ተፋ።

አጥናፉ እጁን ሲዘረጋ ወይዘሮ ደብሪቱ ቀደሙና ወረቀቱን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት። “እኔ ጋ ይቀመጥ። የእውነቴን የሞትኩ ቀን ይዘኸው ትመጣለህ፤ ያኔ ውሸት አይሆንም።”

አጥናፉ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ያኔ በእስክስታ ያለፈውን ለቅሶ አሁን አለቀሰው። እሳቸውም አጠገቡ ተቀምጠው ጠበቁት፤ ሲበቃው በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለትና፣ “በል ተነሥ፤ ለቅሶዬን ደርሰሃል፤ አሁን ፋብሪካህን አሳየኝ” አሉት።

እኔም ወሬዬን ጨረስኩ፤ ጆሯችሁን መልሼላችኋለሁ።