በእጀታው ሥር ያለው ምልክት

በምሥራቅ ሱዳን፣ በተራሮች ግርጌ ባለች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጅ አደሮብ የሚባሉ ሰይፍ ሠሪ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። አባታቸውም በዚሁ ሙያ ስመ ጥር ነበሩ፤ "የእሳቸው እጅ ነው" የተባለለትን ሰይፍ ሰው ደረቱን ነፍቶ ይታጠቀው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ፣ የጎሳው ሹም ሑመድ ከአያቱ የወረሰውን ሰይፍ ይዞ ሐጁ ከሰጋጆቹ ጋር ወደተቀመጡበት የመስጊድ ደጃፍ መጣ።

"ሐጅ፣ ልጄን ልድር ነው። ይህን ሰይፍ ሙሽራውን ላስታጥቀው አስቤያለሁ። የአባትዎ ሥራ መሆኑን በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት ይመስክሩልኝ።"

ሐጁ ቢስሚላህ ብለው የእጀታውን ቆዳ ፈቱ። ከሥሩ የአባታቸውን ምልክት ፈለጉ፤ የለም። ሦስት ነጠብጣቦች ብቻ አሉ። ሰይፉን ወደ ብርሃን አዙረው ደግመው አዩት። ሰኑሲ ለጎረቤት በሚሠራው ቢላዋ ሁሉ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ያደርግ ነበር። ሰኑሲ ከምዕራብ ለሐጅ ሲጓዝ ታሞ በዚህችው ከተማ የቀረ፣ በአባታቸው ቤት ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ስሙ ሳይነሳ የሞተ ሰው ነው።

ሹሙ ነገሩ ገባው። ጠጋ ብሎም፣ "ቆዳውን ይመልሱት፤ ከእኛ በቀር ያየ የለም። የአባትዎ ክብር አይጓደል" አለ በለሆሳስ።

"ልጄ፣ ቆዳው ብረቱን ይሸፍንልኛል፤ ምላሴን በምን እሸፍነዋለሁ?"

ወደ ጀመዓውም ዞረው፣ "ይህ የሰኑሲ ሥራ ነው፤ አላህ ይዘንለት" ሲሉ መሰከሩ። "የእኛስ ሰይፍ የማን ይሆን?" የሚል ማጉረምረም ተሰማ። ሐጁ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት።

ከዚያም ሹሙን አስፈቅደው ሰይፉን ታቅፈው ገበያ ዳር ሰሌን ወደሚሠሩት የሰኑሲ ልጅ፣ ወደ አሮጊቷ መርየም ሄዱ። የመርየም ዓይን ማየት ካቆመ ቆይቷል። ሐጁ የመርየምን ጣት ይዘው ምልክቱ ላይ አኖሩላቸው። መርየም ዳሰሱት፤ ደግመው ዳሰሱት።

"አባቴ የእኔን ቂጣ ከወንድሞቼ ቂጣ የሚለየው ሊጡን እንዲህ ሦስት ጊዜ በጣቱ እየነካ ነበር" አሉና ብረቱን ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት።

ከኋላ ተከትሎ የመጣው ሹም ይህን ሲያይ ተንበረከከ። "እማማ፣ ሙሽራውን እርስዎ ያስታጥቁልኝ" አላቸው።

ሲመለሱ አንድ ወዳጃቸው፣ "የገዛ አባትዎን ስም ለምን አሳነሱ?" ቢላቸው ሐጅ አደሮብ፣ "ለአባቴ ዱዓ የማደርግበት አፍ የሰው ስም የዋጠ እንዳይሆን ፈርቼ ነው" አሉት።

ወገኖቼ፣ አማና ሲባል አደራ የተሰጠን ዕቃ ብቻ ይመስለናል። የሟች ስምም አማና ነው፤ ያውም ባለቤቱ መልሱልኝ ሊል የማይመጣ። ሐጁ በዚያን ቀን አባታቸውን አላዋረዱም፤ ከጫንቃቸው ላይ የሰው ሐቅ አወረዱላቸው እንጂ።