የፍሬኑ ቁርበት

አንድ ጊዜ፣ አንድ አሮጌ ከባድ የጭነት መኪና ረጅሙን ዳገት እንደ ምንም ወጥቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ጠፋና በዚያው ቆሞ ቀረ። ባለቤቱ አጠገቡ ተኝቶ ጠበቀ፤ የሚያነሳለት ሲያጣ ረግሞት በእግሩ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ክረምት አለፈ። ካሶኒው ውስጥ ሣር በቀለ፤ ጭስ ማውጫው ውስጥ ወፍ ጎጆዋን ሠራች፤ ጋቢናው የእንሽላሊቶች ሆነ። በተራራው ላይ የሚኖሩት አራዊት መኪናውን ከድንጋይ ለይተው አያዩትም ነበር።

በአንድ በጋ የተራራው ምንጭ ደረቀ። የቀረው ውሃ ታች ሸለቆው ውስጥ ያለው ወንዝ ብቻ ነው። ጉልበት ያለው ወርዶ ይጠጣል፤ ያረጀው፣ የታመመውና ገና የተወለደው ግን መውረድ አይችልም። ስለዚህ ሸክሙ እንደ ልማዱ ወደ አህያ ዞረ። እመት አህዪት ግራና ቀኝ ጀሪካን ተጭና ጠዋት ትወርዳለች፣ ከሰዓት ትወጣለች። ጀርባዋ ገጥቧል። ከገጣባውም የባሰ ነገር ነበር፤ እርጉዝ ናት። ባለፈው ዓመት ያረገዘችውንም ሸክም አስወርዷታል። ዘንድሮም እንደዚያው ከቀጠለች ምን እንደሚደርስባት እሷም ሌሎቹም ያውቃሉ። ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም፤ ውሃው ያለ ድካም ሲመጣ ይጣፍጣላ!

አንድ ቀን እመት አህዪት ዳገቱን ጨርሳ በመኪናው ጥላ ሥር ተንበረከከች። ጋቢናው ጣሪያ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ጦጢት አየቻት። ጦጢት ከተማ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ጣሪያ ላይ ያደገች ናት፤ መካኒኮች ሲፈቱና ሲገጥሙ እያየች ነው ዕድሜዋን የገፋችው።

«እትዬ አህዪት፣ ይህን መኪና ባስነሳልሽ ምን ትያለሽ?»

«ልጄን እወልዳለሁ» አለች አህዪት።

ጦጢት ወዲያው አያ አንበሶ ዘንድ ሄዳ ነገሩን አስረዳች፤ አንበሳውም አራዊቱን ሰበሰበ። በዚያ በጋ ድርቁ እስኪያልፍ ማንም ማንንም እንዳይበላ አውጆ ነበር። አዋጁ ሁሉንም ከብዶታል፤ ጅብን ግን ሊገድለው ነው።

«ሥራውን ማን ይምራው?» ሲል አንበሳው ጠየቀ።

ቀበሮ ጅራቱን አስተካክሎ ወደ ፊት ወጣ። «ጌታዬ፣ እጅ ያለው ይሥራ፤ እኔ ደግሞ የተሠራውን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ለእርስዎ እናገራለሁ።»

ማንም አልተቃወመም። በዓይን ማየት አያደክምም፤ የማያደክም ሥራ ደግሞ ለቀበሮ የተፈጠረ ነው።

ሥራው ተጀመረ። ወፏ ተለምና ጫጩቶቿን ይዛ ወደ ዛፍ ተዛወረች። ሞተሩ በዝገት ተጣብቆ ስለነበር ጦጢት ካሶኒው ላይ ከቀረው በርሜል ናፍጣ ቀድታ አፈሰሰችበትና አሳደረችው፤ በማግስቱ ጎሽ በቀንዱ ሲወዘውዘው ተላቀቀ። የተበሳው ራዲያተር በግራር ሙጫ ተደፈነ። የተነፈሱት ጎማዎች ውስጣቸው በደረቅ ሣር ተጠቀጠቀ። ባትሪ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጦጢት ግን «ተገፍቶ ይነሳል» አለች። እግሯ ፍሬኑ ጋ አልደርስ ሲላት መርገጫውን በእንጨት አስረዘመችው። ሰው መንገድ ዳር የጣላቸውን ባዶ በርሜሎች ደግሞ ለውሃው ብላ ካሶኒው ላይ ደርድራ አሰረች።

ጅብ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ቆየና የካሶኒውን የጎን ግድግዳ እያሳየ «ስፖንዳው ዝቅ ብሏል፤ ከፍ ይበል እንጂ» አለ።

«ለምን?» አለች ጦጢት።

«ብዙ እንዲይዝ።»

«የምንጭነው ውሃ ነው፤ ውሃው ያለው በርሜል ውስጥ ነው። ስፖንዳው ምን አደረገህ?»

«ድርቁ ሲያልፍስ? ያኔም ውሃ ብቻ ልንጭን ነው?» አለ ጅብ፤ ዓይኑ አህዪት ላይ ነበር። እመት አህዪት ቀስ ብላ ወደ ጎሽ ተጠጋች።

ቀበሮም ሥራ አልፈታም፤ ላባ ለቅሞ የጋቢናውን መስታወት ዙሪያ አስጌጠ። በሩ ላይ ደግሞ ዝገቱን በጥፍሩ እየፋቀ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ጻፈ። ከሩቅ ሲያዩት በእውነቱ ያምር ነበር።

የቀረው ፍሬኑ ነው። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። «ሸራ ከየትም አናገኝም፤ በወፍራም ቁርበት እንሠራዋለን» አለች ጦጢት። ጎሾች ከድርቁ በፊት የሞተውን የአባታቸውን ቁርበት አመጡ። ለሌላ ነገር አይሰጡትም ነበር፤ ለእመት አህዪት ሲባል ሰጡ። ጦጢት የፊት ጎማዎቹን ፍሬን ራሷ ሠራች። የኋላው ግን ጠባብ ነው፤ መኪናው ሥር ተኝቶ ቁርበቱን በጥርሱ እየወጠረ የሚቸነክር ብርቱ መንጋጋ ያስፈልጋል።

«አያ ጅቦ ይግባ» አለ ቀበሮ።

«ለጅብ ቁርበት ይሰጣል እንዴ?» ብላ ጦጢት ደነገጠች።

«ከሱ የበለጠ መንጋጋ ያለው ካለ አሳዪኝ። ደግሞስ እኔ እያለሁ?»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። እዚህ ግን በሚያውቁት አገር፣ ሳይጠይቅ ነው ያነጠፉለት።

አያ ጅቦ ቁርበቱን ይዞ መኪናው ሥር ገባ። በእውነት ለመናገር፣ ሲገባ ሊሠራ ነበር። ቁርበቱን በጥርሱ ወጠረና አንድ ሚስማር መታ። ምራቁ መጣ። «ጠርዙ ትርፍ ነው፤ ጠርዙን ብቻ» አለ ለራሱ። ጠርዙን በላ። ከዚያ አሰበ፤ ሲያስብ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ሆዱ ነው የሚያመራው። «ጠርዝ የሌለው ቁርበት ምን ይረባል?» አለና መሃሉንም በላ። የግራውን ጨርሶ ቀኙን ሲያይ አዘነለት፤ ብቻውን ምን ያደርጋል? እሱንም በላ። ሲያበቃ የፍሬኑን ክዳን መልሶ ገጠመና «አያ ቀበሮ፣ አልቋል!» ብሎ ተጣራ።

ቀበሮ መጥቶ አጎነበሰ። ከሥር ጥቁር ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ዘይቱን አየ፣ ጅራቱን አየ፤ ቀና አለ። «ጥሩ ነው፤ አይቻለሁ» አለና ወደ ላባው ተመለሰ።

የሙከራው ቀን አራዊቱ ሁሉ ተሰበሰቡ። እመት አህዪት ግን አልነበረችም፤ «መኪናው ቢነሳም ባይነሳም ሕፃናቱ ጠምቷቸዋል፤ ይቺ የመጨረሻዬ ትሁን» ብላ ማልዳ ወደ ወንዙ ወርዳለች።

አንበሳው ቀበሮን «ሁሉም ደህና ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ አራቱንም እግሩን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ይውረድ።»

ጦጢት መሪው ላይ ወጥታ ዞር አለች። «አንድ ነገር ቀርቷል። እኔ ባደግሁበት ጋራዥ ደንብ፣ ፍሬን የሠራ የመጀመሪያዋን ቁልቁለት አብሮ ይወርዳል። አያ ጅቦ፣ ግባ።»

ጅብ ወደ ኋላው ሸሸት አለ። «እኔን እንኳ ሆዴን እያመመኝ ነው።»

«አያ ቀበሮ፣ አንተም ግባ።»

«እኔማ ያየሁ ነኝ እንጂ የሠራሁ አይደለሁም!»

«ያየም ይወርዳል» አለች ጦጢት።

አንበሳው ሁለቱንም ተራ በተራ ተመለከታቸው። ጅብ «በልቼዋለሁ» ማለት አፈረ፤ ቀበሮ «አላየሁም» ማለት ከበደው። ሁለቱም ተንጠልጥለው ጋቢና ገቡ። ጎሽና አንበሳ ከኋላ ገፉ፤ መኪናው ተንፏቀቀ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያም ተነሳ! ተራራው በእልልታ ተናወጠ። ከስንት ዘመን በኋላ ያ ሬሳ ነፍስ ዘርቶ ሲሄድ ያየ ሁሉ ደስታውን መያዝ አቃተው።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ደህና አለፈ። ከሁለተኛው በኋላ መንገዱ ቁልቁል ተደፋ። ጅብ ወደ ጦጢት ጆሮ ጠጋ ብሎ ሹክ አላት።

«ጦጢት፣ ፍሬን ሳትይዢ መውረድ አይቻልም?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የኋላው የለም።»

«የለም? ቁርበቱ የት ሄደ?»

ጅብ ሆዱን ዝቅ ብሎ አየ። «አልራቀም። እዚሁ አብሮን አለ።»

ጦጢት ፍሬኑን በሁለት እግሯ ረገጠችው። የፊቱ ብቻውን ጮኸ፣ ጨሰ፣ መኪናውን ግን አላቆመውም። ማርሽ ልትቀንስ ብትታገልም ማርሹ እንቢ አላት። «አያ ቀበሮ! አይቻለሁ አላልክም?»

«አይቻለሁ… ከሩቅ» አለ ቀበሮ፤ ዓይኑን በጅራቱ ሸፍኗል።

ያን ጊዜ እመት አህዪት ከታች መታጠፊያውን ዞራ ብቅ አለች። ጀሪካኖቿ ሞልተዋል፤ ሆዷ ከጀሪካኖቹ በላይ ይታያል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል የአፈር ግድግዳ። መኪናውን አየች። ልትሮጥ ብትል እግሯ አልታዘዛትም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ሆዷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጦጢት መሪውን በሙሉ ሰውነቷ ተንጠልጥላ ጠመዘዘችው። መኪናው ከእሷ በላይ ያለውን ግድግዳ እየታከከ፣ በርሜሎቹን እያንኳኳ ወረደና አፍንጫው አፈር ውስጥ ተቀርቅሮ ቆመ። አቧራው ሲገለጥ እመት አህዪት ከላባው መስታወት አንድ ክንድ ብቻ ርቃ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ከዚያ ወደቀች።

አራዊቱ ከላይ እየሮጡ መጡ። ጽንሱ መትረፉን እስኪያውቁ እንዴት ተጨነቁ! ጎሽ ጀሪካኖቹን አወረደላት፤ ጦጢት ጆሮዋን ሆዷ ላይ ለጥፋ ቆየችና «ይራገጣል» አለች። ጎሽ አለቀሰ።

ወዲያው ሁሉም ጅብ ላይ ጮኸ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደል? ቀበሮ ከሁሉም ድምፁ በለጠ። «ጌታዬ፣ የበላው እሱ ነው!»

«እሱ ጅብ ነው፤ ሊበላ እንደሚችል አልጠፋንም» አለ አንበሳው። «አንተን ያስቀመጥኩህ እሱን እንድታይልኝ ነበር። እኔም አንተን ማየት ነበረብኝ። እስከዚያው ግን ሕፃናቱ ውሃ ይፈልጋሉ። ጀሪካኖቹን አንሱ።»

ቀበሮና ጅብ አንድ አንድ ጀሪካን አነሱ። ሌላውን ቀንም አነሱ፤ ከዚያ በኋላም። እመት አህዪት በመኪናው ጥላ ሥር ተኝታ ከረመች፤ በዚያው ጥላ ሥርም ግራጫ ውርንጭላ ወለደች።

ጦጢት መኪናውን በጎሾች አስጎትታ አወጣችና እንደገና ፈታታችው። ጎሾችም የቀረውን ቁርበት አመጡ። «የኋላውን ማን ይሥራው?» ስትል፣ ሁሉም ጉልበት ያለውን እየፈለገ ዓይኑን አንከራተተ።

«እኔ» አለች እመት አህዪት ከጥላው ሥር ተነሥታ። «መንጋጋዬ የጅብን ያህል አይደለም፤ ቀስ ብዬ እወጥረዋለሁ። ልጄ የሚሄደው በዚህ መንገድ ላይ ነው።»

ቁርበቱን በጥርሷ ወጠረችው፤ ሚስማሩን ጦጢት መታች። ሲያልቅ አንድ ጊዜ ጎተተችው፤ አልረካችም፣ አስፈታችውና እንደገና ሠሩት። በሙከራው ቀን ማንም ደንቡን ሳያስታውሳት፣ ውርንጭላዋን አስከትላ ካሶኒው ላይ ወጣች። መኪናው መታጠፊያዎቹን ሁሉ ቀስ ብሎ ዞሮ ወረደና ወንዙ ዳር፣ ጦጢት ቁም ባለችው ቦታ ላይ ቆመ። በርሜሎቹ ተሞሉ፤ መኪናውም እያጓራ ዳገቱን ተመልሶ ወጣ። የተራራው ሕፃናት በዚያ ቀን እስኪበቃቸው ጠጡ።

ጅብም ሥራ አላጣም፤ የመኪናው ረዳት ሆነ። ዳገት ላይ ሲቆሙ ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር የሚያስገባው እሱ ነው። ታኮው ግን ከድንጋይ የተሠራ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ አደራ መሰጠት ያለበት ጉልበት ወይም አፍ ላለው ሳይሆን፣ አደራው ቢበላ ጉዳቱ ለሚደርስበት መሆኑን ነው።