ሹም ደርበውና የበሬው ቆዳ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

እሰይ፣ ጆሯችሁ ከነቃ ለእኔ ይበቃኛል።

በድሮ ዘመን ሹም ደርበው የሚባሉ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሹም ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው። ብቻ «ሹሙ አዳላ» መባልን ከጅብ ይልቅ ይፈሩ ነበር። በዚያች ከተማ በየዓመቱ አንድ በሬ ይታረዳል። ሥጋው ለነዳያን ይሆናል፤ ቆዳውን ደግሞ ሸንጎው ለከተማው ሥራ ይመድባል።

አንድ ዓመት ሸንጎው ተቀመጠና ሦስት ሰዎች ቀረቡ።

ውሃ ቀጂዋ እትዬ ማንጠግቦሽ፦ «የጉድጓዱ ጠፍር ተበጥሷል። ቆዳው ለእኔ ይሁን» አሉ።

ዘበኛው ጎሹ፦ «ጋሻ የለኝም። ሌባ ቢመጣ በምን ልመክት? በጢሜ?» አለ።

ነጋሪት መቺው አያ በላቸው፦ «ነጋሪቴ ተቀዷል። አዋጅ ስናገር የሚሰበሰቡት ፍየሎች ብቻ ናቸው» አለ።

ሹም ደርበውን ላብ አጠመቃቸው። ለአንዱ ቢሰጡ ሁለቱ ሊያሟቸው ነው። ከዚያም ፊታቸው በራ።

፦ «ቅርጫ እናድርገው! ሥጋ በቅርጫ ሲካፈል ማን ተጣልቶ ያውቃል? ዕጣው ከወጣ ደግሞ መመለስ የለም!»

ሸንጎው አጨበጨበ። ቆዳው እኩል ለሦስት ተቆረጠና ዕጣ ተጣለ። እልል ተባለ።

ከዚያም የጎሹ ጋሻ አፍንጫውን ብቻ ሸፈነ። የአያ በላቸው ነጋሪት «ጢቅ» አለ። የእትዬ ማንጠግቦሽ ጠፍር ከጉድጓዱ እኩሌታ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከተማው ተጠማ።

፦ «ጌታዬ፣ ቅሌ ንፋስ ቀድቶ ተመለሰ!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

፦ «አይሆንም! ክፍፍሉ ትክክል ነው። እስቲ እኔ ልየው» አሉና ሹሙ ጉድጓዱ አፍ ላይ አጎነበሱ። አጎነበሱ፣ አጎነበሱና... ቧ!

ውሃው እስከ አንገታቸው ደረሰ።

፦ «ጠፍር ጣዪልኝ!»

፦ «ጣልኩ እኮ ጌታዬ፣ ድርሻዬ አይደርስም!»

፦ «የጎሹንና የበላቸውን ቀጥዪበት!»

ጩኸቱን ሰምቶ ከአያ በላቸው ጋር የደረሰው ጎሹ ግን ጋሻውን ደረቱ ላይ ለጠፈ።

፦ «በዕጣ የወጣልኝን? መመለስ የለም ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

፦ «ኧረ በማርያም! መስጠሜ ነው!»

የእመቤታችን ስም ሲጠራ ጎሹ ልቡ ራራና ሰጠ። አያ በላቸው ግን ነጋሪቱን አቅፎ፦ «እሺ፣ ከመቀደዱ በፊት አንዴ ብቻ ልምታው» አለ።

፦ «ምታውና ገላግለኝ፣ አንተ ጉደኛ!»

«ጢቅ!»

ከዚያም ቁራጮቹን በቀጭኑ ተለተሏቸውና ቀጣጠሏቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ ጎተቱ። ጎሹ ጎተተ። ሹሙ ወጡ። አናታቸው ላይ እንቁራሪት ተቀምጣለች።

አያ በላቸውም፦ «በሉ እንግዲህ፣ ድርሻዬን ቁረጡልኝ» አለ።

ሹሙ ወገባቸው ላይ የታሰረውን ጠፍር አጥብቀው ያዙ።

፦ «አይቆረጥም! ቅርጫ ለሥጋ ነው። የከተማ ሥራ እቁብ ነው፤ አንዱ ሙሉውን ያነሳል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ዘንድሮ የውሃ ነው። ከርሞ የጋሻ፣ ከዚያ የነጋሪት።»

፦ «አዳሉ! ሹሙ አዳሉ!» ብሎ ጮኸ አያ በላቸው።

፦ «አዎ፣ አዳላሁ» አሉ ሹም ደርበው። ሲሉት ሰማይ አልተደፋም። እንቁራሪቷ ብቻ ደንግጣ ዘላ ወረደች።

እትዬ ማንጠግቦሽም ውሃ ቀዱና መጀመሪያ ያጠጡት አያ በላቸውን ነው። ሲጮህ ጉሮሮው ደርቆ ነበርና።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቆሎ አብሱ። ጥርሴ አርጅቷልና ንፍሮ ቢሆን ደግሞ እመርቃችኋለሁ።